ለሶላራችን ባትሪ እንግዛለት ወይ?



በዕቃ ቤታችን ጣራ ላይ ያለው ሶላር ቀን ድምፅ ማጉያውን ያሠራልናል፤ ለቅሶ ግን ሌሊትም አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ለቀስተኛ በኩራዝ ሲያድር ዓይተናል። ባትሪ ይገዛ የተባለው ስለዚህ ነው። ገንዘቡ ለቀብር የተቀመጠ ነውና ሒሳቡን አብረን እንየው። ከመብራት ሒሳብ ተቆጥቦ ይመለሳል ብለን አናታልላችሁም።

ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲዱ ዓይነት ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ 600 ብቻ እንቁጠር። ይህ ባለ 10 ዋት 5 አምፖል 12 ሰዓት ያበራል፤ ድንኳኑ አደረ ማለት ነው። ምጣድማ አይታሰብ! ክብደቱ 30 ኪሎ ያህል ስለሆነ ወደ ሐዘን ቤት ሁለት ጎረምሳ ይይዘዋል። ሊቲየሙ ይቀላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲበረታ በአንድ ቀን ላይሞላ ይችላል።

እኛ ለእድሩ አንድ ይገዛ እንላለን። በየቤቱ ግን መብራት እምብዛም የማይጠፋበት አባል ገንዘቡን ይያዝ።