ሴራሚኩን የሚወለውለው ሰው ይምረጠው
(በእሑድ ስብሰባችን ላይ ከተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ስለ ሴራሚክ ላወራ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። ግን አገር ቤት ቤት እያሠራች ያለች ወይም ለማሠራት የምታስብ እጇን ታውጣ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ አውቃለሁ።

ቤይሩት ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። በ3 ቤት ተቀጥሬአለሁ። የመጀመሪያዋ ማዳም ሳሎን ነጭና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ባላት ነበረው። አንድ ዘለላ ፀጉር ብትወድቅበት ከበር ትታያለች። በቀን 3 ጊዜ እወለውል ነበር። ሁለተኛው ቤት ጥቁር ነበር። ጥቁር እድፍ አያሳይም የሚል ሰው ወልውሎት አያውቅም ማለት ነው፤ አቧራውም፣ ደርቆ የቀረው የውሃ ጠብታም ነጭ ሆኖ ይታይበታል። ሦስተኛው ቤት አሸዋ የሚመስል፣ ደብዘዝ ያለ፣ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለው ነው። ጠዋት ወልውዬው እስከ ማታ ንጹሕ ይመስላል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የራሴ ተራ ሲደርስ ምን አደረግሁ? ጅማ አካባቢ ለእናቴ ቤት ሳሠራ ወንድሜ በኢሞ ደውሎ «ምን ዓይነት ሴራሚክ ይሁን?» አለኝ። «ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ማዳም ሳሎን» አልኩት። እኔው ነኝ ያልኩት፤ በማንም አላሳብብም።

ክረምት ገባ። የእኛ ሰፈር አፈር ቀይ ነው። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በገባ ቁጥር እናቴ ጨርቅ ይዛ ትንበረከካለች። አንድ ቀን እርጥቡ ላይ አንሸራቷት ወድቃ የእጇ አንጓ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ በቪዲዮ ሳያት የሁለት ዓመት ደሞዜ የገባበት ወለል በላስቲክ ምንጣፍ ተሸፍኗል። «ልጄ፣ በገዛ ቤቴ በጫፍ እግሬ እየሄድኩ ደከመኝ» አለችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። እኔ ከሰው ቤት ጉልበቴን የጨረስኩበትን ሥራ ለእናቴ ገዝቼ ልኬላታለሁ።

ስለዚህ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሴራሚክ የምትመርጡት ለፎቶ ሳይሆን ለሚወለውለው ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ገለልተኛ የሚሏቸው ቀለሞች፣ ማለትም ክሬም፣ አሸዋማ፣ አመድማ፣ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት፣ የሚጠቅሙን ለዚህ ነው። ደግሞም መጋረጃና ሶፋ ይቀየራል፣ ግድግዳ በቀለም ይታደሳል፤ ወለል ግን ተፈንቅሎ ካልሆነ አይቀየርም። ያልጮኸ ቀለም ከሁሉም ጋር ይስማማል።

እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ ከሱቅ አንድ ናሙና ወደ ቤት ይምጣ። የግቢያችሁ አፈር ይበተንበት፣ ከዚያ ውሃ ይፍሰስበት። ቀይ አፈር ላለበት አሸዋማው ወይም ወደ ቡና የሚያደላው፣ ጥቁር መረሬ ላለበት ግራጫው ይሻላል። በቀን ብርሃንም በማታ አምፖልም ይታይ። መስኮቱ ጠባብ የሆነ ክፍል ውስጥ ጠቆር ያለ ግራጫ ክፍሉን ያጨልመዋል፤ እዚያ ክሬም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለኩሽናና ለበረንዳ የማያብረቀርቅ፣ ሲነካ ሻከር የሚል ይሁን። ናሙናውን አርጥበው በባዶ እግር ይርገጡት። የእናቴ እጅ ያስተማረኝ ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ነጭ አይሁን። ቡናና ዘይት ከገባበት አይለቅም። ከሴራሚኩ ትንሽ ጠቆር ያለ ይመረጥ።

አራተኛ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የቀለም ቁጥር ለሁሉም ካርቶን አንድ መሆኑ ይታይ። ስሙ አንድ ሆኖ ምርቱ ከተለያየ፣ ከተነጠፈ በኋላ ልዩነቱ ይወጣል። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው 10 በመቶ ጨምሩ። 3 በ4 ሜትር ክፍል 12 ካሬ ነው፤ ከጭማሪው ጋር 13.2 ይሆናል። 60 በ60 የሆነው፣ ካርቶኑ 4 ፍሬ ከያዘ 1.44 ካሬ ያነጥፋል፤ ስለዚህ 10 ካርቶን ይበቃል። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የካርቶኑንና የደረሰኙን ፎቶ ጠይቁ። ወንድምን መጠራጠር አይደለም፤ የላባችሁን ዋጋ ማወቅ ነው።

ባለፈው ዓመት የእናቴን መኝታ ቤትና በረንዳ በዚህ መንገድ አስነጠፍኩ። አሸዋማ፣ ሻከር ያለ ነው። ዋጋውም ከነጩ አልበለጠም። አሁን ቡናዋን እዚያ በረንዳ ላይ ነው የምታፈላው። ምንጣፍ የለበትም።

እህቶቼ፣ ስለ ወለል ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በየሰው ቤት በጉልበታችን ተንበርክከን የተማርነው ነው። እውቀቱን ለሌላው ቤት ብቻ አንጨርሰው። በሚቀጥለው እሑድ ቤት የምታሠሩ የክፍላችሁን ልክና የአፈራችሁን ፎቶ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናሰላለን።