«ሁሉም ይጠጣል» ላለኝ ወንድሜ
(እሁድ ዕለት በዓይን ኤል ረማነህ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ሐኪምም አስተማሪም አይደለሁም። ባለፈው ስለ ወንድሜ ሳወራ ግን ሦስት እህቶች «የእኔም ቤት እንደዚያው ነው» አላችሁኝ። ለዚህ ነው ዛሬ የቆምኩት።

ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፤ ደሴ 9ኛ ክፍል ይማራል። በየወሩ ለአስጠኚ የሚከፈል ብር እልክለት ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ስልክ ላይ አመለጣት። ለካ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ቅሞ፣ ለጨብሲ አረቄ ጠጥቶ፣ ደጃፍ ላይ ወድቆ ነው ያገኙት። የሁለት ወር የአስጠኚ ብር እዚያ ገብቷል። እናቴ ታውቃለች፤ «በሰው አገር ትጨነቃለች» ብላ ደበቀችኝ። ያን ቀን ምሳ እየሠራሁ አለቀስኩ። ማዳም «ሹ ቢኪ?» ስትለኝ ሽንኩርቱ ነው አልኳት።

ደውዬ ስጮህበት ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሁሉም ይጠጣል፤ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» መልስ አጣሁ። እዚህም የምሠራበት ቤት ልጅ ገና 17 ዓመቱ ነው፤ እሱና ጓደኞቹ የጨረሱትን ጠርሙስ ከበረንዳ የምለቅመው እኔ ነኝ። እውነት ሁሉም ይጠጣል? ብዬ ማታ ማታ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሁሉም አይጠጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች የሚጠጡት 26.5 በመቶ ናቸው። 155 ሚሊዮን ልጅ ቀላል አይደለም። ግን ከአራቱ አንዱ ቢጠጣ ነው፤ ሦስቱ አይጠጡም። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ1995 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ተማሪዎችን ይጠይቃሉ። እዚያ መጠጥ የቀመሱት ልጆች አሁንም ብዙ ናቸው፤ ቁጥሩ ግን እየቀነሰ መጥቷል።

ከሁሉም የገረመችኝ አይስላንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር አሉ። በ2016 ይህ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ምን አደረጉ? መጠጥ ከ20 ዓመት በታች አይሸጥም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በብርዱ ወራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻውን ውጭ እንዳይገኝ ሕግ አለ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ጊዜ እንዲያሳልፉ፣ ማታ የት እንዳሉ እንዲያውቁ ተመከሩ። ዋና ከተማዋ ሬይካቪክ ደግሞ ለስፖርትና ለሙዚቃ ትምህርት የሚውል ገንዘብ ለየልጁ ትመድባለች። ብሩ ልጁ እጅ ላይ አይሰጥም፤ ለሚማርበት ቦታ ነው የሚከፈለው። ይህን ሳነብ የአስጠኚው ብር ትዝ አለኝ።

የእኛም አገር ሕግ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥ ይከለክላል። ግን ግሮሰሪ ገብቶ መታወቂያ የተጠየቀ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፤ ማታ ልጁን የሚያየው ሰው ነው።

እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ መጠጥን ልረግም አልመጣሁም። ልጅ ግን ልጅ ነው። አእምሮው ገና እያደገ ነው፤ በልጅነት የጀመረ ሰው ደግሞ በኋላ ሱሰኛ የመሆን ዕድሉ ይበዛል።

እንግዲህ እኛ ማታ ቤት የለንም። ልጆቻችንንና ወንድሞቻችንን የምናሳድገው በስልክና በሐዋላ ነው። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ብሩን ከልጁ እጅ አወጣሁት። አክስቴ ራሷ ሄዳ ለአስጠኚው ትከፍላለች፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች።

ሁለተኛ፣ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት አሰብኩበት። ኳስ ይወዳል። ለበዓል ልብስ የምልከውን ቀንሼ ታኬታ ገዛሁለት፤ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከሰፈር ቡድን ጋር ይለማመዳል።

ሦስተኛ፣ ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ እደውላለሁ። አምስት ደቂቃ ነው። «የት ነህ? ከማን ጋር ነህ? እራት በላህ?» እላለሁ። አልጮህም።

አራተኛው ይከብዳል። እናቴ የደበቀችኝ እኔም ስለምደብቃት ነው። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» እላለሁ። ወንድሜም ብሩ እዚህ ከዛፍ የሚለቀም ይመስለዋል። አንድ ማታ የተሰነጣጠቀ እጄን በቪዲዮ አሳየሁት። ዝም አለ። ከዚያ «ይቅርታ እቴ» አለኝ።

ተለወጠልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠጥቷል። የነገረኝ ግን ራሱ ነው፤ አክስቴ አይደለችም። ስልኬንም ያነሳል። ዛሬም ማታ እደውልለታለሁ፤ እናንተም ዛሬ ለአንዱ ልጅ ደውሉ።

ፈጣሪ ሁላችንንም ለቤታችን ያብቃን።