በሩቅ ጣቢያ የቀረው ፊልም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናሰማ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ቡና ወይም ስለ ካፋ ጫካ እንደምንናገር የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። ስለ ቡናና ስለ ጫካ ግን እዚህ የተቀመጡት አባቶቻችን ከኛ አብልጠው ያውቃሉ፤ ልጅ ለአባቱ ስለ ማሳው ሊያስተምር ቢነሣ አያምርበትም። እኛ የመረጥነው ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ይኸውም ዶክተር ሁ የሚባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ትርኢት እንዴት እንደ ጠፋ፣ እንዴት እንደ ተገኘና ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሊያየው እንዴት እንደ በቃ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ዶክተር ማን» እንደ ማለት ነው። ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል፤ ብትታገሡን ግን የኛም ጉዳይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ትርኢቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት ማለት ነው። (ዓመቶቹን እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር እንጠራለን፤ የአገራችንን ስንጠራ ዓመተ ምሕረት እንላለን።) ታሪኩ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሁለት ሰው በጭንቅ የሚያስገባ፣ ከውስጡ ግን አዳራሽ የሚያህል ሰማያዊ የፖሊስ ሣጥን አለ፤ በዚያ ሣጥን አንድ እንግዳ ሽማግሌ ካለፈው ዘመን ወደሚመጣው ዘመን፣ ከምድር ወደ ሌሎች ዓለማት ይጓዛል። ሽማግሌውን ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ይባላል። የትርኢቱ ዋና አዘጋጅ ቬሪቲ ላምበርት በዚያን ጊዜ የ27 ዓመት ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ያቀነባበረው ዋሪስ ሁሴንም በሕንድ አገር የተወለደ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ወጣት ሥራ ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ መምህራኖቻችን እንዲያስቡበት ነው።

እንግዲህ ይህ ትርኢት በየሳምንቱ ቅዳሜ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ሲያየው ቆይቶ፣ ከፊሉ ጠፋ። ያጠፋው ጠላት ወይም እሳት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው። ቢቢሲ የሚባለው የእንግሊዝ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ትርኢቶቹን የሚቀዳበት ቴፕ ስፋቱ ሁለት ኢንች፣ ዋጋውም ውድ ነበር። ስለዚህ አንድ ትርኢት ታይቶ ካበቃ በኋላ ቴፑ እንደ ክፍል ሰሌዳ ተጠርጎ ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ከተዋንያን ጋር የተደረገው ውል አንድን ትርኢት ደጋግሞ ማሳየትን የሚገድብ ነበር። ቴሌቪዥንም ወደ ቀለም በተሻገረ ጊዜ ጥቁርና ነጩን ሥዕል የሚፈልገው የለም ተባለ። በዚያን ዘመን በየቤቱ ፊልም ማጫወቻ መሣሪያ የለም፤ ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ ካሴት ገዝቶ ቤቱ ያያል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ይህ ጠረጋ እስከ 1978 ድረስ ቆየ። በእኛ አስተያየት እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቦታ ጠበባቸው፣ ገንዘብ አነሳቸው፣ አዲሱ ሥራ አስቸኰላቸው። የቸኰለ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ።

ነገር ግን ቴፑ ከመጠረጉ በፊት ቢቢሲ ከቴፑ ላይ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እየገለበጠ ትርኢቱን ለውጭ አገር ይሸጥ ነበር። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ቆጵሮስ ገዙ፤ ከአፍሪካም ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ ገዙ። ከገዢዎቹ መካከል አገራችን ኢትዮጵያም ትገኛለች። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፣ ሃርትኔል የተጫወተባቸው ክፍሎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አያቶቻችን በዚህ በደካ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ ያ የሰማያዊ ሣጥን ሽማግሌ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ የሚሄድበት መንገድ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ለእያንዳንዱ አገር አዲስ ፊልም አይታተምም። አንዱ ጣቢያ አሳይቶ ሲጨርስ ለሚቀጥለው አገር ይልከዋል፤ ያም አሳይቶ ለሌላው ይልካል። የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ፊልሙ ወደ ለንደን ይመለሳል ወይም ይቃጠላል። ወደ ለንደን የተመለሰውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከመጥፋት አልዳነም። ከዳነውም መካከል እንደ ውሉ ያልተመለሰ አለ! በሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለ ጣቢያ፣ ወይም ግምጃ ቤቱን የማያጸዳ ሠራተኛ፣ ሳያስበው ባለውለታ ሆነ።

በ1983 ትርኢቱ 20 ዓመት በሞላው ጊዜ ወዳጆቹ ሎንግሊት በሚባል ስፍራ ተሰብስበው በዓል አደረጉ። በዚያም በቪዲዮ ካሴት ታትሞ እንዲሸጥላችሁ የምትፈልጉት የትኛውን ታሪክ ነው ተብለው ተጠየቁ። ብዙዎቹ በ1967 የታየውን «የሳይበርሜኖች መቃብር» የተባለውን ባለ አራት ክፍል ታሪክ መረጡ። መልሱ አሳዛኝ ነበር፤ ታሪኩ የለም፣ ተጠርጓል። በምትኩ ስለነዚያው ሳይበርሜኖች የሚናገር ሌላ ታሪክ በካሴት ወጣ፤ ዋጋውም 40 ፓውንድ ያህል ነበር። ለምኖ ሌላ የተሰጠው ሰው እንዴት ያለ ፊት እንደሚያሳይ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ 8 ዓመት አለፈ። በ1991 መጨረሻ ሆንግ ኮንግ ካለ የቴሌቪዥን ጣቢያ አራቱም ክፍሎች ተገኙና ወደ ለንደን ተላኩ፤ በ1992 ሜይ ወር በካሴት ታትመው ለገበያ ወጡ። በልጅነታቸው አንድ ጊዜ ያዩት ሰዎች በዚያን ጊዜ የልጆች አባትና እናት ሆነው ነበር።

እኛም ይህን ታሪክ ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ አይተነዋል። ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ መምህር ትተውልን ከሄዱት ዲቪዲዎች መካከል ተገኝቶ በፕሮጀክተር በግድግዳው ላይ ታየ። ሳይበርሜኖች የሚባሉት ቀድሞ ሰዎች የነበሩ፣ ነገር ግን የታመመ አካላቸውን በብረት እየተኩ እየተኩ በመጨረሻ ሐዘንም ደስታም የጠፋባቸው ፍጥረቶች ናቸው። ይህን ካሰቡት ሁለት ደራስያን አንዱ ኪት ፔድለር የሕክምና ሳይንስ ሊቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልብሳቸው በብር ቀለም የተቀባ ጨርቅና ቱቦ መሆኑ ያስታውቃል፤ ትንንሾቹ ተማሪዎች ሲያዩአቸው ሳቁ። ነገር ግን በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ከበረዶው መቃብር ውስጥ አንድ በአንድ መውጣት ሲጀምሩ የሚስቅ ጠፋ። ወዲያው መብራት ጠፋ። የተመለሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን ሁለት ቀን ስንነጫነጭ ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ እንግሊዞች ሃያ አራት ዓመት ጠብቀዋል፣ እናንተ ሁለት ቀን አቃታችሁን? አሉን።

በሦስተኛው ክፍል አንድ ጸጥ ያለ ስፍራ አለ። አባቷ የሞተባት ቪክቶሪያ የምትባል ልጅ ከዶክተሩ ጋር በሌሊት ተቀምጣ ታወራለች፤ እርሱም ቤተሰቡን በፈለገ ጊዜ በልቡ ሊያያቸው እንደሚችል ይነግራታል። ፓትሪክ ትራውተን ይህን ሲጫወት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጭራቆቹ ሁሉ ተረስተው ይህ ስፍራ በብዙዎቻችን ልብ ቀርቷል። ያ ፊልም ከሆንግ ኮንግ ባይገኝ ኖሮ የዚህን ሰው ፊት በዚያች ሰዓት ማንም ዳግመኛ አያየውም ነበር።

ደግሞ ፊልሙ በጠፋበትም ቦታ ፈጽሞ ያልጠፋ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የነበሩ ልጆች የቴፕ መቅጃቸውን በቴሌቪዥኑ አጠገብ እያስቀመጡ ድምፁን ይቀዱ ነበር፤ እናት ለእራት ስትጠራ ዝም በሉ እየተባለ። በዚህ ምክንያት ሥዕላቸው የጠፋባቸው ክፍሎች በሙሉ ድምፃቸው አለ። ጆን ኩራ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺም ቴሌቪዥኑን ራሱን ፎቶግራፍ እያነሣ ለተዋንያንና ለአዘጋጆች ይሸጥ ነበር፤ ለዕለት እንጀራው ያነሣው ፎቶግራፍ ዛሬ ለአንዳንዱ ክፍል ብቸኛው ምስክር ነው። በ2016 ትራውተን የጀመረበት ባለ ስድስት ክፍል ታሪክ፣ በታየ በ50 ዓመቱ፣ በነዚያ ልጆች የተቀዳውን ድምፅ ይዞ በካርቱን ሥዕል ተሠርቶ ወጣ።

አሁን ወደ አፍሪካ እንመለስ። ጆስ በናይጄሪያ መካከለኛ ክፍል ያለች የደጋ ከተማ ናት። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል ሰው የጠፉ ፊልሞችን ፍለጋ በየአገሩ ሲዞር በዚያች ከተማ ካለ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ ግምጃ ቤት ደረሰ፤ በመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡ የፊልም ቆርቆሮዎች አገኘ። በውስጣቸው 11 ክፍሎች ነበሩ፤ ከነዚህ 9ኙ በየትም ቦታ የሌሉ ነበሩ። በ2013 ኦክቶበር ወር ለዓለም ተነገረ፤ ሁለቱም ታሪኮች ወዲያው በኢንተርኔት ተሸጡ፣ አንዱ በዚያው ዓመት ሁለተኛው በ2014 በዲቪዲ ወጡ። ከሁለተኛው ታሪክ ሦስተኛው ክፍል ስላልተገኘ በዲቪዲው ላይ በተቀዳው ድምፅና በፎቶግራፍ ተተክቶ ይታያል። ስድሳዎቹ ውስጥ ከተሠሩት 253 ክፍሎች የጠፉት ቍጥር በዚያ ግኝት ከ106 ወደ 97 ዝቅ አለ።

እኛ በደካ የምንኖር ሰዎች ነገር ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚደርሰን ነን ብለን እናዝናለን። መንገዱም፣ መብራቱም፣ መጽሐፉም ዘግይቶ ይመጣል። በጆስ ታሪክ ግን መጨረሻ የደረሰው ቦታ የመጨረሻውን ቅጂ ያቆየ ቦታ ሆነ። ለንደን ጣለች፤ ጆስ አቆየች። ይህን ካወቅን ወዲህ የራሳችንን ግምጃ ቤት በሌላ ዓይን ማየት ጀምረናል።

በሌላ በኩል የኛም ነገር በሰው እጅ ነው። ስለ ጥንቱ የካፋ መንግሥት ሥርዓት ብዙ ዝርዝር ተጽፎ የሚገኘው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ወደ ካፋ መጥቶ ያየውንና የጠየቀውን በ1920ና በ1923 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ነው፤ ቋንቋቸውም ጀርመንኛ ነው። ከኛ መካከል ጀርመንኛ የሚያነብ የለም።

ይህን ሁሉ ያነሣንበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የድራማ ክበባችን የጥንቱን የጋብቻ ሥርዓት የሚያሳይ ትያትር በካፊ ኖኖ አዘጋጅቶ ነበር። ንግግሩንና የምርቃቱን ቃል ያስጠኑን አንድ የአካባቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ በመጨረሻም ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው መረቁ። ትያትሩን አንድ ተማሪ በስልኩ ቀርጾት ነበር። በክረምቱ ስልኩ ውሃ ገባበትና የነበረው ሁሉ ጠፋ። ሌሎች የቀረጹትም ሜሞሪ ሲሞላባቸው ለአዲስ ዘፈን ቦታ እንዲሆን ደመሰሱት፤ ልክ እንደዚያ እንደ ሁለት ኢንቹ ቴፕ ማለት ነው። ሽማግሌው ዘንድሮ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ የምርቃቱን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስታውስ ከመካከላችን ጠፋ፤ አንዱ ጅማሬውን ያውቃል፣ ሌላው መካከሉን።

ባለፈው ወር ግን ቦንጋ የምትሠራ የአንዲት ተማሪ እኅት ከትያትሩ 11 ደቂቃ ያህል በቴሌግራም ተልኮላት እንደ ነበርና እንዳላጠፋችው ተሰማ። ልከንባት አስመጣነው። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት የተቀመጠ የአንድ ሰው ባርኔጣ ግማሹን ይሸፍናል፤ ሙሽራይቱ የምትገባበት ስፍራ የለም። ምርቃቱ ግን አለ፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ በጭብጨባ ተሸፍነዋል።

ይህን 11 ደቂቃ ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በዚሁ አዳራሽ እናሳያለን፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ተዘጋጅቷል። አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን በቁልፍ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቦንጋ በዚያችው እኅት ዘንድ ይቆያል። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ስልክ ይዛችሁ የነበራችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን አንድ ጊዜ እንድትፈትሹልን እንለምናለን። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ብቻ ቢሆንም እንፈልገዋለን። ፍላሽ የያዘ አንድ ተማሪ በበሩ አጠገብ ቆሟል።