በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ፦ ስለ ዝምታ፣ ስለ ሐሰትና ስለ አንዲት የስፌት መኪና

በሕግ ፋኩልቲው ወርኃዊ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲታይ ለዚህ አዳራሽ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። በሰው ደጃፍ ከተዘረጋ ያገለገለ ዕቃ መካከል ጥሩውን መርጦ፣ በርካሽ ገዝቶ፣ በበይነ መረብ በውድ ስለ መሸጥ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያከራከረንን አንድ ጥያቄ ይህን ሥራ ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ነገር ብዙ አይገኝም። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ገዢው የሚያውቀውን ሻጩ የማያውቅ ሲሆን፣ በመካከላቸው የሚደረገው ውል ፍትሐዊ ነውን?

ነገሩን ከተለመደበት አገር ልጀምር። በአሜሪካ ቤት የሚለቅ፣ ልጆቹ ያደጉለት ወይም ወላጁ የሞተበት ሰው የማይፈልገውን ዕቃ በግቢው ሣር ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ይህንንም ያርድ ሴል ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት በየመንገዱ ምሰሶ ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ሻጩ ነጋዴ አይደለም። ዋጋውንም የሚተምነው ገበያን አጥንቶ ሳይሆን ዕቃው ከፊቱ እንዲነሣለት በመሻት ነው። ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ለማስረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ የሚካሄደውን የ127 ቁጥር አውራ ጎዳና ያርድ ሴል መጥቀስ ይበቃል፤ ከሚሺጋን እስከ አላባማ ስድስት ግዛቶችን እያቋረጠ 690 ማይል፣ ማለትም ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል።

በዚህ ሣር ላይ ሁለት ዓይነት ገዢ ይመላለሳል። አንደኛው ለቤቱ የሚሆን ድስት ወይም ወንበር የሚፈልግ ነው። ሁለተኛው ለመሸጥ የሚገዛ ነው፤ ይህ ሰው ማልዶ ይመጣል፣ ዝርዝር ገንዘብ ይይዛል፣ ብዙም አይናገርም። ዕቃውን ገልብጦ ከሥሩ የተቀረጸውን የፋብሪካ ምልክት ያያል። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ዋጋ ይመለከታል። እዚህ ላይ ጀማሪው የሚሳሳትበትን ልጥቀስ፦ ጀማሪው ሻጮች የሚጠይቁትን ዋጋ ያያል፣ ልምድ ያለው ግን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ያያል። መጠየቅ ነጻ ነውና አንድ ሺህ ዶላር የተጠየቀበት የሸክላ ዕቃ ለዓመታት ገዢ ሳያገኝ ሊቀመጥ ይችላል።

በዚህ ሥራ ዙሪያ የሚወሩ ታላላቅ ታሪኮች አሉ። በኒውዮርክ ግዛት በያርድ ሴል በ3 ዶላር ገደማ የተገዛ ነጭ ጎድጓዳ ሳሕን የቻይና የሰሜን ሶንግ ዘመን ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሶዝቢስ ጨረታ ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በ2021ም በኮነቲከት በ35 ዶላር የተገዛ የሚንግ ዘመን ሳሕን በዚያው የጨረታ ቤት ከ720 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ታሪኮቹ እውነተኞች ናቸው። ነገር ግን ወሬ የሚሆነው ሎተሪው የወጣለት እንጂ ያልወጣለት አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በ35 ዶላር የገዙት ሳሕን ዛሬም በየመደርደሪያው የ35 ዶላር ሳሕን ሆኖ ተቀምጧል።

የዕለት ተዕለቱ ሂሳብ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይህንን ከራሴ ሕይወት ብነግራችሁ ይሻላል፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ምክንያትም እርሱ ነውና።

በአሜሪካ ለከፍተኛ ትምህርት በነበርኩበት ጊዜ የኪራይ ክፍያዬን ለመደጎም ቅዳሜ ቅዳሜ ይህንን ሥራ እሠራ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አዛውንት እናት ቤታቸውን ሸጠው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ዕቃቸውን ዘርግተው አገኘኋቸው። ከጠረጴዛ ሥር ጥቁር ሣጥን ነበር። ብከፍተው ትንሿን ሲንጀር፣ ፌዘርዌይት የምትባለውን የ221 ሞዴል የስፌት መኪና አገኘሁ። ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1933 ለገበያ የወጣች፣ ክብደቷ አምስት ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ብርድ ልብስ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፉ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚሻሟት ናት። ዋጋዋን ጠየቅሁ፤ 15 ዶላር አሉኝ። እኔ በመቶዎች እንደምትሸጥ አውቅ ነበር።

ገንዘቡን ስሰጣቸው መኪናዋን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣ «የሚሰፋባት ሰው እንዲወስዳት ነበር የምፈልገው፤ አንተ ትሰፋለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን፣ እሰፋለሁ» አልኩ።

ቁልፍ እንኳ መትከል አላውቅም ነበር። በሳምንቱ መኪናዋን በ340 ዶላር ሸጥኳት። የበይነ መረቡ ገበያ ድርሻ 45 ዶላር ያህል፣ የፖስታው 32፣ የማሸጊያው 8፣ የተገዛችበት 15 ሲቀነስ 240 ዶላር ቀረኝ። በዚያን ጊዜ እጅግ አስፈላጊ ገንዘብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሌሊት ትዝ ሲለኝ የሚቆረቁረኝ የዋጋው ልዩነት ነው ወይስ ያች አንዲት ቃል? ይህንን መለየት የሕግ ሰው ሥራ ነው፤ እንለየው።

ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚመስል ምሳሌ አለ። ሮዳስ በረኀብ ተይዛለች። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑንም አይቷል። ይህን ለሕዝቡ ሊነግር ይገባዋልን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሕግ ካዘዘው በቀር መናገር ግድ አይደለም፣ መሰወርና ዝም ማለት አንድ አይደሉም ይላል። አንቲጳጥሮስ ግን ሰው ለሰው ባለ ዕዳ ነውና ምንም አትሰውር ይላል። ሲሴሮ ራሱ ወደ አንቲጳጥሮስ ያዘነብላል።

የአሜሪካ ሕግ ግን ወደ ዲዮጋን አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1815 ኦርጋን የሚባል ነጋዴ በኒው ኦርሊንስ ብዙ ትምባሆ ከሌይድሎው ድርጅት ገዛ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ጦርነት በሰላም ስምምነት ማብቃቱን ሻጩ ሳይሰማ ገዢው ሰምቶ ነበር፤ ዜናው እንደ ተሰማ የትምባሆው ዋጋ ከመቶ ከ30 እስከ 50 ዘለለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1817 ዳኛ ጆን ማርሻል ገዢው እርሱ ብቻ ያወቀውን ዜና ለሻጩ የመንገር ግዴታ የለበትም አሉ። ነገር ግን በዚያው አፋቸው አንድ ገደብ አኖሩ፦ ማንኛውም ወገን ሌላውን የሚያሳስት ነገር ከመናገርና ከማድረግ መጠንቀቅ አለበት።

ሌላም ፍርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 በዊስኮንሲን በተፈረደ ጉዳይ፣ ወይዘሮ ዉድ አንድ ድንጋይ ምንነቱን ሳያውቁ ቦይንተን ለሚባል ጌጥ ሠሪ በ1 ዶላር ሸጡለት። ድንጋዩ ያልተቀረጸ አልማዝ ሆኖ ተገኘ፤ ግምቱም 700 ዶላር ገደማ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሽያጩ እንዳይፈርስ ወሰነ፤ ሁለቱም በሽያጩ ጊዜ አያውቁም ነበርና። የእኔን ነገር ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ እኔ አውቅ ነበር።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1710 ለሁለቱም ወገን ጆሮ ይሰጣል። የውሉ ቃል ለአንደኛው ወገን እጅግ የሚጠቅም መሆኑ ብቻውን ውሉን አያፈርስም። ነገር ግን ፈቃዱ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅና ያመጣበትን የአእምሮ ድካም ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነሱን መጠቀሚያ በማድረግ እንደ ሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። በቁጥር 1704 ደግሞ ተንኮል ባይሠራበት ኖሮ ውሉን የማይዋዋል ሰው ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል ተደንግጓል።

እነዚያን እናት በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው፣ አእምሯቸው ብሩህ ነበር፤ ገንዘቡም አላስቸገራቸውም። ስለዚህ በዋጋው ብቻ ክርክር ቢነሣ ለማሸነፍ ያዳግታል ባይ ነኝ። ዋጋ ማወቅ የእኔ ድካም ፍሬ ነበር፤ ስንት ቅዳሜ በባዶ እጄ ተመልሼ የተማርኩት ነው። ዕውቀትን ሁሉ አስቀድመህ ንገር ብንል፣ ከቆሻሻ የሚጣለውን ዕቃ ፈልጎ ለሚፈልገው ሰው የሚያደርስ አይኖርም። በሁለተኛው ጥያቄ ግን አልድንም። እርሳቸው የጠየቁኝ ዋጋ አልነበረም፤ ለእርሳቸው ከዋጋ የሚበልጠውን አንድ ነገር ነበር የጠየቁት። እኔም በእርሱ ላይ ዋሸሁ። እውነቱን ብናገር ምናልባት ይሸጡልኝ ነበር፣ ምናልባትም «ለጎረቤቴ ልጅ ትሁን» ይሉ ነበር። ይህን የመምረጥ መብት የእርሳቸው ነበር፤ እኔ በአንዲት «አዎን» ወሰድኩባቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ቤቱ ባዶ ነበር።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚል ተረት አለን። አትራፊ ሁሉ በዚህ ይጽናናል፦ ሻጩ ያላወቀው ትርፍ አይቆጨውም ይላል። ለትርፉ ይህ ይሠራ ይሆናል። ለሐሰት ግን አይሠራም፤ ዋሾው ያውቀዋልና።

አሁን ሰውየው ወደ ቤቱ ተመልሶ ዕቃውን በበይነ መረብ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው በሆነው ጥናት፣ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው ከገዢው አብልጦ ስለሚያውቅ ገዢው ሁሉን እንደሚጠራጠር፣ በዚህም ደህናው ዕቃ ከገበያ እንደሚሸሽ አሳይቷል። የእኛ ሰው በጠዋት ብዙ የሚያውቅ ገዢ ነበር፤ በማታ ብዙ የሚያውቅ ሻጭ ይሆናል። በጠዋት ዝምታው ሕጋዊ ነበር፤ በማታ ግን ስንጥቁን፣ ዝገቱን፣ የማይሠራውን ቁልፍ መናገር ይጠበቅበታል።

ይህ ገበያ የተጀመረውም በግልጽነት እንደ ነበር ማስታወስ ጥሩ ነው። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 በኋላ ኢቤይ የተባለውን ገበያ ሲከፍት በመጀመሪያ የሸጠው የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14.83 ዶላር አወጣ። ኦሚድያር ዕቃው የማይሠራ መሆኑን ገዢው መረዳቱን ጠይቆ አረጋገጠ፤ ገዢውም የተሰበሩትን የምሰበስብ ነኝ ብሎ መለሰለት።

ከገንዘብ አልፎ ሕይወትን የሚነካ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ በ2008 በወጣው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ሕግ መሠረት በጉድለት ምክንያት ከገበያ እንዲሰበሰብ የተወሰነን ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው፤ በግቢው የሚሸጠውም ከዚህ አያመልጥም። ጎናቸው ወደ ታች የሚወርድ የሕፃናት አልጋዎች ሕፃናት በክፍተቱ ተይዘው ስለ ሞቱባቸው ከ2011 ጀምሮ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ስለዚህ የሕፃን ዕቃ በርካሽ ያገኘ ሰው ከዋጋው በፊት የሞዴል ቁጥሩን ሊመረምር ይገባዋል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ያርድ ሴል ባይኖረንም ዕቃን ሁለተኛ ሕይወት መስጠት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየሰፈራችን «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው፣ ፕላስቲክ ሳፋ ተሸክሞ በአሮጌ ልብስ የሚለውጠው ልዋጭ፣ የሰልባጅ ነጋዴው፣ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ፣ ሁሉም የዚህ ሥራ ባለቤቶች ናቸው። አሁን ደግሞ ከአገር የሚወጣ ሰው የቤቱን ዕቃ በቴሌግራም ሲያወጣ፣ ወጣቶቻችን ገዝተው አድሰው መልሰው ይሸጣሉ። ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ዕውቀትና ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጀራ ነው።

አንድ ነገር ግን በእኛ አገር ከሌላው ይለያል። በገጠር አንዲት እናት ሣጥን ውስጥ የሚገኘው አሮጌ ነገር የስፌት መኪና ብቻ ሳይሆን የብራና መጽሐፍ ወይም የብር መስቀል ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ጥያቄው በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ አይቀርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሻጯም ገዢውም ቢስማሙ፣ ያልተጠየቀ ሦስተኛ ባለ ድርሻ አለ፤ እርሱም ገና ያልተወለደው ትውልድ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ይህንን ሥራ የሚሠራ እንዳለ አውቃለሁ። አትተውት። ርካሽ አግኝታችሁ ብትገዙ፣ ዋጋውን አልነገርንም ብላችሁ አትጨነቁ። ነገር ግን ሻጩ አንድ ጥያቄ ሲጠይቃችሁ፣ ወይ እውነቱን ተናገሩ፣ ወይ ዕቃውን ትታችሁ ሂዱ። እኔ በዚያች ጠዋት «አልሰፋም፣ ነገር ግን የሚሰፋባት ሰው ፈልጌ እሸጣታለሁ» ማለት እችል ነበር። ይህ ደግሞ እውነት ነበር፤ መኪናዋን የገዛችኝ ሴት ሰፊ ነበረች። እውነቱ በእጄ እያለ ነው የዋሸሁት።