ከድንጋይ ካባ የተወለደው የኮለምበስ ሐይቅ

በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል በሲዮቶ ወንዝ አካባቢ የሚገኘውና በ2021 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈተው ኳሪ ትሬይልስ ሜትሮ ፓርክ፣ ቀድሞ ማርብል ክሊፍ ይባል የነበረ የድንጋይ ካባ፣ ማለትም የግንባታ ድንጋይ እየተፈለጠ የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። የሰኔና የሐምሌ ሙቀት በበረታ ቁጥር ብዙዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ በፓርኩ ሐይቅ ላይ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ መንዳት ተፈቅዶ ሳለ ዋና ለምን ተከለከለ የሚለውን ነው።

ካባ በሥራ ላይ ሳለ ከከርሰ ምድር የሚመነጨው ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ይወጣል፤ ፓምፑ ሲቆም ጉድጓዱ ይሞላል፤ የተቆረጠው ገደል ግን ውሃ ሸፈነው እንጂ ስላልተስተካከለ፣ ዳር ላይ የቆመ ሕፃን በአንድ እርምጃ ጥልቁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የኢትዮጵያውን የቢሾፍቱ ሐይቅ የሚያውቁ ሁሉ እሳተ ገሞራ የፈጠረው የዚያ ሐይቅ ዳርቻ እንዴት ፈጥኖ እንደሚጠልቅ ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ፣ ፀሐይ ያሞቀችው ቀሊል ውሃ ከላይ ሲንሳፈፍ ቀዝቃዛው ከሥር ይቀራል፤ ሁለቱም በቀላሉ አይቀላቀሉም። ስለዚህ በእጅ የተዳሰሰው ውሃ ስለ ላይኛው ንብርብር እንጂ ስለ ታችኛው አይመሰክርም። ሰውነት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ይህ የቅዝቃዜ ድንጋጤ ይባላል፤ በዚያች ቅጽበት ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ውሃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ድንጋዩ ራሱ ግን ከሐይቁ ይልቅ ይደንቃል። የኮለምበስ የኖራ ድንጋይ ከ390 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አካባቢው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ሥር ሳለ የተከማቸ ሲሆን፣ በውስጡ እንደ ቀንድ የተጠማዘዙ የኮራል ቅሪተ አካላት ይታያሉ፤ ኮራል በባሕር ወለል ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ከ1839 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. የተገነባው የኦሃዮ ምክር ቤት ሕንፃም በሲዮቶ ምዕራባዊ ዳርቻ ከተፈለጠው ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የግዛቲቱ እስረኞች ነበሩ።

ወደ ውሃው ስንመለስ፣ ወላጆች በልጆቻቸው ክንድ ላይ የሚያጠልቁት በአየር የሚነፋ ፊኛ የሕይወት አድን ጃኬትን አይተካም፤ ይህ ተደጋግሞ ተነግሮ እስካሁን አለመሰማቱ ያሳዝናል። የኦሃዮ ሕግ ከ18 ጫማ በሚያጥር ጀልባ ላይ ያለ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በልኩ የሆነ ጃኬት እንዲለብስ ያስገድዳል። ሰው ሲሰምጥ ያየ ሁሉ ተከትሎ ከመዝለል ይልቅ 911 መደወል፣ ገመድ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር መወርወርና ሰጣሚው የታየበትን ቦታ ከዓይኑ ሳያጠፋ ቆሞ መጠበቅ ይኖርበታል።