ርካሽና መልካም የወይን ጠጅ እንዴት እንደሚመረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶች ከቁም ነገር የማይቈጠር ይመስል ይሆናል። ይኸውም በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው፥ እንግዳ በሚጠራበት ቀን ከሱፐርማርኬት የወይን ጠጅ ሲገዛ ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ምን ማወቅ እንደሚገባው ነው። የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተከልክሏል። እኔም ጠጡ ለማለት አልመጣሁም፤ የማይጠጣ ሰው ከገንዘቡም ከጤናውም ያተርፋል። ንግግሬ መግዛቱ ላልቀረለት ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት ትንሹ ልጃችን ክርስትና በተነሣ ጊዜ፥ የመሥሪያ ቤቴ አለቃ በቤቴ ተገኝተው ማዕዴን እንዲቀምሱልኝ ለመንኋቸው። እሳቸውም ያለ ማመንታት እሺ አሉኝ። ደስታዬ ግን ወዲያው ወደ ሐሳብ ተለወጠ። ጠጁን አክስቴ ጥላልኛለች፤ የእርሷን ጠጅ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን አለቃዬ ባሕር ማዶ የተማሩ፥ ብዙ ግብዣ ያዩ ሰው ናቸውና በጠጅ ብቻ ማስተናገድ የሚያሳፍር መሰለኝ። ይህ አስተሳሰብ የራሴ እንጂ የሳቸው እንዳልነበረ የተረዳሁት ኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ አንድ ሱቅ ሄድሁ፤ ስሙን አልጠራም። በመንገድ በኩል ባለው መስተዋት ውስጥ፥ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት የውጭ አገር ነጭ የወይን ጠጅ ከሁሉ በላይ ቆሞ ታየኝ። ዋጋውን ስጠይቅ ደነገጥሁ፤ ከደነገጥሁ በኋላም ገዛሁት። የከፈልሁት ገንዘብ ባለቤቴ ለትልቁ ልጃችን የትምህርት ቤት ጫማ ያስቀመጠችው ነበር።

በማዕዱ ላይ ጠርሙሱን ራሴ ከፍቼ ለአለቃዬ ቀዳሁላቸው። ነጭ የተባለው መጠጥ ቀለሙ የቀጠነ ሻይ ይመስላል፤ ሽታውም እንደ አቼቶ አፍንጫ ይወጋል። እሳቸው ጥቂት ቀመሱና ብርጭቆውን በቀስታ አስቀምጠው «መልካም ነው» አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ አክስቴ ዘወር ብለው፥ «እናቴ፥ ከዚያ ከጠጁ ትንሽ ቢገኝ» ሲሉ ሰማሁ። ትልቁ ልጄ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በአሮጌ ጫማው ተመላለሰ።

በሠፈራችን በአንድ ትልቅ ሆቴል የመጠጥ ክፍል ለብዙ ዘመን ያገለገሉ፥ አሁን በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ አሉ። ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ሄጄ ነገሩን ባጫወትኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። «የት ቆሞ ነው ያገኘኸው?» አሉኝ። በመስተዋቱ ውስጥ ነው አልኋቸው። «እንግዲያስ ልጄ፥ አንተ የገዛኸው የወይን ጠጅ አይደለም፤ ፀሐይ ነው» አሉኝ። ከዚህ በታች የምናገረውን አብዛኛውን የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

የወይን ጠጅ እንደ ወተት ባይሆንም የሚበላሽ ነገር ነው። ጠላቶቹ ሙቀት፥ ብርሃንና አየር ናቸው። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ወይም በመብራት አጠገብ ለወራት የቆመ ጠርሙስ፥ በተሠራበት አገር የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፥ ጣዕሙን ያጣል። ይልቁንም ነጩ፥ ጠርሙሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፥ ቶሎ ይጐዳል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ የሚመለከተው ጽሕፈቱን ሳይሆን ጠርሙሱ የቆመበትን ቦታ ነው። ከታችኛው መደርደሪያ፥ ከጥላው፥ ከቀዝቃዛው ስፍራ የሚወሰደው ይሻላል። እንዲሁም ዕቃው ቶሎ ቶሎ የሚሸጥበትን ሱቅ መምረጥ ነው፤ በጠርሙሱ ትከሻ ላይ ያለ አቧራ የዕድሜ ክብር አይደለም፥ ገዢ ማጣቱን ይናገራል እንጂ።

ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን አንሥቶ አንገቱን ማየት ነው። ቡሽ ካለው፥ ቡሹ ከአፉ ወደ ላይ ገፍቶ እንደ ሆነ፥ ወይም በአንገቱ ላይ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ፈሶ እንደ ሆነ፥ ጠርሙሱ በመንገድ ወይም በመጋዘን ሙቀት መቶታል ማለት ነው። መጠጡ ከሌሎቹ ጓደኞቹ ዝቅ ብሎ ከተገኘም አየር ገብቶበታል። ነጩን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይቻላል፤ ወጣት የሆነ ነጭ የወይን ጠጅ ብጫነት ያለው ጥሩ ቀለም ሲኖረው ወደ ቡናማ የዞረው አርጅቷል። ይህን ሁሉ ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ቢገላምጥም ገንዘቡ የእኛ ነው።

ስለ ዕድሜው ካነሣን ዘንድ፥ የወይን ጠጅ ሲቈይ ይሻሻላል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጐድቷል። በዓለም ከሚሠራው ውስጥ በእርጅና የሚከብረው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ እርሱም ዋጋው ከእኛ ዐቅም ውጭ ነው። በየሱቁ በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጠው ነጭ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት፥ ቀዩም በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዓመት ወይኑ የተለቀመበት ነው፤ የተጻፈውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ በእኛው አስልቶ ማንበብ ያሻል። ርካሽ ከሆኑት መካከል ወጣቱን መምረጥ ነው።

በቡሽ ፈንታ በቆርቆሮ ክዳን የሚጠመዘዘውን ጠርሙስ ብዙዎቻችን እንንቃለን። እኔም ከናቁት አንዱ ነበርሁ። ይሁን እንጂ በአውስትራሊያ የክሌር ሸለቆ አምራቾች፥ ቡሹ መጠጡን እንደ ርጥብ ወረቀት እያሸተተ ቢያስቸግራቸው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የተለቀመውን ነጭ የወይን ጠጃቸውን ሆን ብለው በዚህ ክዳን አሸጉት። ከእነርሱ በኋላ የኒውዚላንድ ሰዎች ይህንኑ ያዙ። ስለዚህ ክዳኑ የድኽነት ምልክት አይደለም።

«ሪዘርቭ» የሚለውን ቃል በሚመለከት ግን መጠንቀቅ ይገባል። በእስጳንያ «ሬዜርቫ» የተባለ ቀይ የወይን ጠጅ ቢያንስ ሦስት ዓመት፥ ከዚያም ውስጥ አንዱን ዓመት በእንጨት በርሜል መቈየት አለበት፤ ይህ በሕግ የተደነገገ ነው። በብዙ ሌሎች አገሮች ግን ቃሉ ያለ አንዳች ግዴታ በጠርሙስ ላይ ይጻፋል፤ ጌጥ ነው። የወርቁ ቀለምም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ይኸውም ዋጋው ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የሆናችሁ አድማጮቼ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ጠርሙስ በሱቃችን ሲሸጥ፥ በዋጋው ውስጥ የብርጭቆው ጠርሙስ፥ የቡሹ፥ የመርከቡ፥ ከጅቡቲ ወዲህ የጭነት መኪናው ኪራይ አለበት። ቀረጡ የሚታሰበው በመጠጡ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በማጓጓዣውም ላይ ነው፤ ኤክሳይዝ ታክሱ ቀረጡ ከተጨመረበት በኋላ ይሰላል፤ 15 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ይመጣል። አስመጪውም ቸርቻሪውም ትርፋቸውን ይጨምራሉ። እንግዲህ ጠርሙሱና መርከቡ ለውዱም ለርካሹም መጠጥ ተመሳሳይ ገንዘብ የሚጠይቁ ስለ ሆነ፥ ከውጭ ከመጡት ሁሉ ርካሽ የሆነውን የሚገዛ ሰው፥ ከከፈለው ውስጥ ለወይኑ የደረሰው እጅግ ጥቂቱ ነው። የቀረውን የከፈለው ለጉዞው ነው።

የአገር ውስጡም ቢሆን ግብር ይከፍላል፤ ባሕር ግን አልተሻገረም። የጉደርን ስም የያዘው ቀይ የወይን ጠጅ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ በየማዕዱ የታወቀ ነው። በዝዋይ ወይም በአሁኑ ስሙ በባቱ፥ ከሐይቁ አጠገብ፥ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ፥ ሺራ፥ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን የወይን ዘሮች ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ጉማሬና ዘንዶ ወደ ወይኑ እንዳይገቡ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል፤ እንዲህ ያለ አጥር የቦርዶ ገበሬ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ስም የጠራሁት ለማስረጃ እንጂ ለማወደስ አይደለም። የምለው ይህ ብቻ ነው፦ በእኩል ዋጋ ከቆሙ ሁለት ጠርሙሶች፥ ከቅርብ የመጣው ከገንዘባችን የሚበልጠውን ክፍል ለመጠጡ ያውለዋል።

ይህን እያወቅን ለምን ውዱን እንገዛለን? ስለዚህ ነገር በካሊፎርኒያ የሚገኙ ሊቃውንት ያደረጉት ፈተና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ታትሟል። ሃያ ሰዎችን አምስት ዐይነት የወይን ጠጅ ነው ብለው አቀመሷቸው፤ በእውነቱ ግን ሦስት ዐይነት ብቻ ነበር። አንዱን ጠርሙስ አንድ ጊዜ በ90 ዶላር፥ ሌላ ጊዜ በ10 ዶላር የተገዛ ነው ብለው አቀረቡት። ሰዎቹ ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑ ሲነገራቸው ያንኑ መጠጥ አብልጠው ወደዱት። የሚያስገርመው ግን ለይሉኝታ ብለው አለመዋሸታቸው ነው፤ በመሣሪያ በታየ ጊዜ ደስታን የሚሰማው የአንጎላቸው ክፍል በእርግጥ አብልጦ ይሠራ ነበር። ዋጋው ሳይነገራቸው በቀመሱ ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ። እኔም በመስተዋቱ ፊት የቆምሁ ዕለት የቀመስሁት ዋጋውን ነበር።

ስለ ምግቡም ጥቂት ልበል፤ ሱቅ ስንገባ ይህን የሚያስብ ጥቂት ነውና። በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ፥ አልኮሉ 14 በመቶ ከሆነና ምላስን ከሚያኮማትር ቀይ የወይን ጠጅ ጋር አይስማማም፤ አንዱ ሌላውን እያቀጣጠለ አፍ ያቃጥላል። ለእንዲህ ያለው ማዕድ አልኮሉ ዝቅ ያለ፥ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፥ በደንብ የቀዘቀዘ ይሻላል፤ ይህም «ሚዲየም ስዊት» ተብሎ የሚጻፍበት ነው። አዋቂ ነን የሚሉ ይንቁታል፤ ይናቁት። «ድራይ» የተባለው ስኳሩ ያለቀለት ቀይ ደግሞ ለጥብስና ለጥሬ ሥጋ ይሁን። በዶሮ ወጥ ላይ የሚቀርብ ውድ የፈረንሳይ ቀይ፥ ገንዘቡም ወጡም ያሳዝናል።

አንድ ጠርሙስ 75 ሳንቲ ሊትር ይይዛል፤ በመጠኑ ሲቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። የተረፈው ክዳኑ ተዘግቶ፥ ቀዩም ሳይቀር፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቈያል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጥብሱ ድስት ቢገለበጥ አይጠፋም። እንግዳ የበዛ እንደ ሆነ ሽማግሌው ጎረቤቴ የሚመክሩት አንድ ዘዴ አለ፦ አስቀድሞ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ፥ እቤት ቀምሶ፥ ደግ ከሆነ ከዚያው መደርደሪያ የቀረውን መጨመር። እሳቸው ይህን ሲያስረዱ የቃና ዘገሊላውን ሠርግ ያነሣሉ፤ እዚያም ቀምሶ የፈረደው አሳዳሪው ነበርና።

ዘንድሮ የልጃችን ዓመት በሞላ ጊዜ አለቃዬን እንደ ገና ጠራኋቸው። በዚህ ጊዜ ከታችኛው መደርደሪያ፥ በጥላ ከተቀመጡት፥ ዋጋው ካለፈው ዓመት ጠርሙስ ሩብ እንኳ የማይሞላ የአገር ውስጥ ወይን ጠጅ ነበር የገዛሁት፤ ከሁለት ቀን በፊትም ከባለቤቴ ጋር ቀምሰነዋል። አለቃዬ አንድ ብርጭቆ ከዶሮው ጋር ጨረሱና «ይህን ከየት አገኛችሁት? ስንት ይሸጣል?» አሉ። ባለቤቴ ዋጋውን እንዳትናገር በዐይኔ ጠቀስኋት። እርሷ ግን ከነሳንቲሙ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እስክሪብቷቸውን አውጥተው የሱቁን ስም ጻፉ።