የላክነው ላፕቶፕ በማን አካውንት ነው የሚታደሰው?

ዛሬ የምነግራችሁ ለዘመድ ስለምንልከው ላፕቶፕ ነው። ከመላካችን በፊት አንቲቫይረስ እንጭናለን፣ በየሌሊቱ ራሱን እንዲያድስ ቀጠሮ እንሰጠዋለን፣ አረንጓዴዋን ምልክት አይተን እንሸኘዋለን። አገር ቤት ከገባ በኋላ ግን እድሳቱ ሳይታወቅ ይቆማል። ቫይረስ ሰነድ እስኪያጠፋ ድረስም የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ኢንተርኔቱን እንወቅሳለን። እኔ ግን ከኢንተርኔቱ በፊት አካውንቱ ይታይ እላለሁ።

ብዙዎቻችን በምናውቀው ሰፈር ላስረዳችሁ። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለውን ምኒልክ አደባባይን አስቡት። የአጼ ምኒልክ ሐውልት፣ አጠገቡ ጊዮርጊስ፣ ሳይርቅ ማዘጋጃ ቤት፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ነው። ጉዳይ ይዞ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል፣ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፣ በፍላሽ የያዘውን ያሳትማል። ስለዚህ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ኮምፒዩተር ቀኑን ሙሉ የማያውቀው ሰው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ሾርትከት የሚተካውን ቫይረስ ያላየ ጸሐፊ ማግኘት ይከብዳል። የትናንቱን ቫይረስ የማያውቅ አንቲቫይረስ እዚህ ቤት ምን ይረባል?

ለዘመድ ተልኮ እንዲህ ያለ የጽሕፈት ሱቅ የገባ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሦስት አካውንት ይኖረዋል። አንዱ የላኪው ነው፤ አድሚኑም እሱ ነው። ሁለተኛው የሱቁ ባለቤት፣ ሦስተኛው የተቀጠረችው ልጅ ነው። ላኪው ውጭ አገር ስለሆነ የእሱን አካውንት የሚከፍተው የለም። አንዳንድ አንቲቫይረሶች ደግሞ የእድሳት ቀጠሮውን የሚይዙት ባዘጋጀው ሰው አካውንት ነው። በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ውስጥም አዲስ ቀጠሮ ስታወጡ፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ የሚሠራው ያ ሰው ገብቶ ሲገኝ ብቻ ነው። እንግዲህ ቀጠሮው የማይመጣ ሰው እየጠበቀ ይኖራል።

ይህን ያወቀ ሰው «ተጠቃሚው ባይገባም ይሥራ» የሚለውን ይመርጣል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያኔ ኮምፒዩተሩ የሰውየውን ፓስወርድ ይዞ ያስቀምጣል። አካውንቱ የማይክሮሶፍት ከሆነ፣ ላኪው እዚህ ሆኖ ፓስወርዱን ሲቀይር እዚያ ያለው ቀጠሮ መግባት ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮው በሰው ስም ባይሆን ይሻላል። ሲስተም በሚባለው የኮምፒዩተሩ የራሱ አካውንት እንዲሠራ አድርጉት። እሱ ፓስወርድ አያስፈልገውም፣ ማንም ባይገባም ሥራውን ይሠራል።

የእኔን ምክር ከጠየቃችሁኝ፣ ለእንዲህ ያለ ሱቅ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል። የሚታደሰው በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ስለሆነ የማንንም መግባት አይጠብቅም። ለጥንቃቄ ብላችሁ ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር ቦታውን ይለቅለታል፤ የአዲሱ ነጻ የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ማን እየጠበቀ እንደሆነ ወደማይታወቅበት ሁኔታ ትገባላችሁ።

ሰዓቱ ሁለተኛው ጣጣ ነው። ዋሽንግተን የተዘጋጀ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የዋሽንግተንን ሰዓት እንደያዘ ይሄዳል። በኮምፒዩተሩ አቆጣጠር ሌሊት 2:00 ብላችሁ ያስያዛችሁት ፒያሳ ላይ በዋሽንግተን በጋ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ክረምት ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። ሱቁ ተከፍቶ ሰው ተሰልፎ ሳለ ማሽኑ ይንቀረፈፋል፤ ልጅቷም ትዘጋዋለች፣ አይፈረድባትም። የሰዓት ክልሉ ወደ አዲስ አበባ ሲስተካከል ደግሞ 2:00 ሌሊት 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሱቁ ተቆልፏል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ እንዳያቃጥል ተብሎ ሶኬቱም ተነቅሏል። ስለዚህ ቀጠሮው በምሳ ሰዓት ይሁን፤ ቀን 7 ሰዓት፣ በኮምፒዩተሩ 13:00 ማለት ነው። እዚያው ታስክ ስኬጁለር ላይ «ያለፈው ቀጠሮ እንደተቻለ ይሥራ» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጉባት፤ እኛ ካልነካናት ባዶ ነች። «በመብራት ሲሆን ብቻ ጀምር» የምትለው ግን ሳትነኳት ምልክት ተደርጎባት ትመጣለች። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ እሷን ማንሳት ነው።

ዴስክቶፕ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር የአፕዴት ሰርቨሩን የደኅንነት ሰርተፊኬት አይቀበልም፤ ኢንተርኔት እያለ እድሳቱ እምቢ ይላል። ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት። በየሰዓት ሠሪው ዘንድ የምትሸጥ ርካሽ ዕቃ ስትሆን፣ ስንት ሰው ለእሷ ብሎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ አስጭኗል!

በኢንተርኔት በኩል፣ የስልክ ዳታ ከፍለው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርገው ዳታ ይቆጥባሉ። ብልህነት ነው፤ ግን ዊንዶውስ ያኔ ብዙውን አፕዴት ያዘገያል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ክፍት ይደረግ።

መዘግየቱ ምን ያመጣል ለሚል፦ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 ዓለምን ሲያናውጥ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የተጎዱት ያንን አፕዴት ያላገኙ ማሽኖች ናቸው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ።

አሁን እኛን በቀጥታ ስለሚነካው ልናገር። አፕዴት አድርጉ የሚል ሁሉ አፕዴት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ቪዲዮ ያለበት የሚመስል ሊንክ በኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ገጹ ሲከፈት፣ ለማየት አዶቢ ፍላሽን አፕዴት አድርጉ ይላል። የሚጫነው ግን ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው እንደኛ እንደዚህ ባለ አዳራሽ ውስጥ በሚቀመጥ ሰው ላይ ነው። እውነተኛው እድሳት በኢሜይልና በቴሌግራም ሊንክ አይመጣም። በሱቁ ያሉት ሰዎች አካውንት አድሚን እንዳይሆን የምለምናችሁም ለዚህ ነው፤ ተሳስተው ቢነኩት እንኳ ብዙው የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቃቸዋል።

ዛሬ ማታ ለቤተሰብ ስትደውሉ በየአካውንቱ ተራ በተራ እንዲገቡ ጠይቋቸው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የመጨረሻው እድሳት ቀን የተጻፈበትን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ፤ ሌላ አንቲቫይረስ ካለም የእሱን ገጽ። አረንጓዴዋን ምልክት አትመኑ፣ ቀኑን አንብቡ። በሦስቱም አካውንት ቀኑ አንድ ዓይነትና የቅርብ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱን እያደሰ ነው። በአንዱ አዲስ፣ በሌላው የቆየ ከሆነ ቀጠሮው በሰው ስም ሳይያዝ አይቀርም፤ ወደ ሲስተም አዛውሩት። በሁሉም የቆየ ከሆነ በመጀመሪያ ቀጠሮው በማን አካውንት እንደተያዘ፣ ከዚያ የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት፣ ቀጥሎ ኢንተርኔቱን ተመልከቱ። ፎቶውን ያገኘና ያልገባው ሰው በሚቀጥለው ስንገናኝ ወደኔ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።